ጤፉ ንጹህ ነው፤ ወፍጮውስ?

ልጃቸው ሴሊያክ እንዳለበት የተነገራቸው አበሻ ወላጆች መጀመሪያ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ «እኛማ ጤፍ በላተኛ ነን፣ ምን ቸገረን?» ወራት አልፈው ልጁ ሲያገግም ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፦ «ለእሱ የምንጋግረውን ለሌላውም ብንሸጥስ?» የዛሬዎቹ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚህ ሐሳብ የተነሡ ናቸው። ለማያውቁት ባጭሩ፣ ሴሊያክ ማለት በስንዴ፣ በገብስና ፈረንጆች ራይ በሚሉት እህል ውስጥ ባለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የተነሣ ሰውነት የራሱን ትንሽ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ግሉተንን መተው ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። ከጤፉ ጋር አብሮ የሚመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«የ7 ዓመት ልጄ ሆዷ ይነፋል፣ ደም ማነስም አለባት። ሐኪሙ ሴሊያክ ጠርጥሮ የደም ምርመራ አዘዘ። እኛ ግን ዳቦና ፓስታ ካቆምንላት ሁለት ወር ሆነ፤ ተሽሏታል። ምርመራው ይቅርና በቀጥታ ወደ ሥራው ብንገባስ?» (ከአዲስ አበባ)

አይቅር። ስንዴ ማቆማችሁንም ለሐኪሙ ቶሎ ንገሩት። ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለው የደም ምርመራ የሚፈልገው ግሉተን የሚበላ ሴሊያክ ያለበት ሰው ሰውነት የሚያመርተውን አንቲቦዲ (በደም ውስጥ ያለ የመከላከያ ፕሮቲን) ነው። ምግቡ ሲቆም አንቲቦዲውም እየወረደ ይሄድና በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ከእሱ ጋር ጠቅላላ አይጂኤ፣ ማለትም የዚህ አንቲቦዲ ዓይነት ጠቅላላ መጠን፣ መለካት አለበት፤ እሱ ከተፈጥሮ ዝቅተኛ የሆነባቸው ልጆች አሉና የመጀመሪያው ውጤት ያሳስታል። ስንዴውን ለምርመራ ሲባል መልሶ ማስጀመርም ሆነ በኤንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀት ናሙና መውሰድ የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ጉዳዩ ለንግዱም ይጠቅማል። የስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው የገብስ እንጀራ ሊስማማው ይችላል፤ ሴሊያክ ያለበት ግን አይችልም። ለማን እንደምትጋግሩ ሳታውቁ ምን ማስቀረት እንዳለባችሁ አታውቁም።

«ጤፉን ራሴ ለቅሜ፣ አንፍሼ በሰፈር ወፍጮ አስፈጫለሁ። ባለ ወፍጮው ‘ጠርጌ ነው የምፈጭልሽ’ ይለኛል። ይበቃል?» (ከባሕር ዳር)

አይበቃም። የባለ ወፍጮው ቅንነት አያጠራጥርም፤ የሚያጣላን ሒሳቡ ነው።

በአሜሪካም በአውሮፓም «ግሉተን የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። የስንዴ ዱቄት ከመቶ 10 ያህሉ ግሉተን ነው። እንግዲህ በ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ውስጥ የሚፈቀደው የስንዴ ዱቄት 0.2 ግራም መሆኑ ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጠር ቢያደርጉት ከዚያ ይበልጣል። በአንድ ኩንታል ጤፍ ደግሞ 20 ግራም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ገደማ። ወፍጮው ውስጥ ከድንጋዮቹ መካከልና ከዱቄት መውረጃው ላይ አንድ እፍኝ፣ 50 ግራም ብቻ የስንዴ ዱቄት ቀርቶ እርስዎ 25 ኪሎ ጤፍ ቢያስፈጩ፣ ዱቄትዎ በኪሎ 200 ሚሊግራም ግሉተን ይዞ ይወጣል። ከገደቡ አሥር እጥፍ ማለት ነው። መጥረጊያ ድንጋዩ ውስጥ አይገባም። ሁለት ሦስት ኪሎ ጤፍ አስቀድሞ አስፈጭቶ ለሌላ መስጠትም ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት የራስ ወፍጮ ነው፤ ትንሽም ቢሆን። አሮጌ ወፍጮ ገዝቶ አጥቦ መጀመር ርካሽ ይመስላል፤ ድንጋዩ ካልተቀየረ ግን ገንዘቡ ባክኗል።

የለቀማው ነገር ላይ ግን ጤፍ አንድ ጸጋ አለው፤ ደቃቅነቱ። የጤፍ ፍሬ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ግን ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ቀዳዳው 1.5 ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት ሲነፉት ጤፉ ይወርዳል፣ ስንዴው ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ ደቃቅ ወንፊት ይድገሙት፤ አሁን ጤፉ ላይ ይቀርና ከጆንያና ከአውድማ የመጣው ብናኝ ይወርዳል። ሁለቱም የሚሠራው ከመፈጨቱ በፊት ነው። ከተፈጨ በኋላ የስንዴን ዱቄት ከጤፍ ዱቄት የሚለይ ወንፊት የለም። ተሰብሮ የጤፍ ያህል ያነሰ ስብርባሪ በሁለቱም ሊያመልጥ ስለሚችል፣ የጤፉ መነሻም መጠየቅ አለበት፦ አውድማው ላይ ቀድሞ ምን ተወቃ? ጆንያው ምን ይዞ ነበር? ገበያ ላይ ስንዴውንና ጤፉን በአንድ ቁና የሚሰፍር ነጋዴ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

«ጥሩ ጋጋሪ ነኝ፤ እዚህ ግን ጤፍ ብቻውን አልሆንልህ አለኝ። ዓይን የለውም፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ትንሽ ሰልፍ ራይዚንግ ብጨምር ይቦካ የለ፣ ሲቦካ አይጠፋም?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አይጠፋም። ሰልፍ ራይዚንግ የስንዴ ዱቄት ነው፤ የእርሾው ተሕዋስያን ግሉተኑን ከፊሉን ይቆራርጡታል እንጂ ለታማሚው ደኅና እስኪሆን አያደርሱትም። የተሰነጠቀው እንጀራ ግን መፍትሔ አለው።

ስንዴ በግሉተኑ አረፋውን ይይዛል። ጤፍ ይህ ስለሌለው ሥራውን የሚሠራለት የተቀቀለው ስታርች፣ ማለትም አብሲቱ ነው። ውጭ አገር ያሉ ብዙ ጋጋሪዎች ስንዴ ስለሚቀላቅሉ አብሲት መጣሉን ትተውታል፤ ወደ ንጹህ ጤፍ ሲመለሱ እንጀራው የሚከዳቸው እዚሁ ላይ ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት መጀመሪያ 1 ሊትር ያህል ውሃ እየጨመሩ ጠንከር አድርገው ያሹት፣ ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ እርሾና ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምረው ይክደኑት። ኩሽናው ሞቃት ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል። በክረምት ቤቱ ከ20 ዲግሪ ሲወርድ አራተኛ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ መብራቱ ብቻ የበራ ኦቨን ውስጥ ማኖር ይረዳል። ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ይድፉ። ከሊጡ አሥር እጅ አንዱን ወስደው በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጠው እያማሰሉ ያፍሉት፤ እንደ ቀጭን ገንፎ ሲያብረቀርቅ ያውርዱት። እጅ እስኪያስችል ሲበርድ ወደ ሊጡ ይመልሱት። ትኩሱን ከጨመሩት እርሾውን ይገድለዋል፣ ሊጡም ኩፍ ሳይል ይቀራል። ኩፍ ካለ በኋላ ሳይተኛ ቶሎ ይጋግሩ። አብሲቱ ሲያንስ እንጀራው ይፈረፈራል፣ ሲበዛ ዓይኑ ይጠፋና ይረጥባል፤ ዱቄቱ ሲቀየር መጠኑን እንደገና መሞከር ያስፈልጋል።

እርሾ ከጎረቤት አይዋሱ፤ የጎረቤት እርሾ የጎረቤትን ስንዴ ይዞ ይመጣል። የጤፍ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ከሦስት እስከ አራት ቀን ያቆዩ፣ ከእሱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አቡክተው ሲጠነክር ለሽያጭ ይጠቀሙበት። ዋጋው ከከበደ ከመቶ 10 እስከ 20 የሩዝ ዱቄት ማስገባት ይቻላል፣ ሩዙም በንጹህ ወፍጮ የተፈጨ ከሆነና መለያው ላይ ከተጻፈ።

«ወጪው ስለከበደን ባለቤቴ ‘ጠዋት ንጹሁን፣ ከሰዓት ገብስ የገባበትን እንጋግር’ ይላል። ምን ትላላችሁ?» (ከአዲስ አበባ)

ለባለቤትዎ ሁለት ነገር ያሳዩአቸው። አንደኛው ምጣዱ ነው። የሸክላ ምጣድ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ የጠጣውን ሊጥ በመወልወል አይተፋም፤ ማሰሻ ጨርቁም እንደዚያው። ሁለተኛው አየሩ ነው። ከሰዓት የተነሣው የገብስ ዱቄት ብናኝ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆይና ማታ ክዳኑ በተከፈተው ቡሃቃ ውስጥ፣ በአክምባሎው ላይ፣ በሽርጡ ላይ ያርፋል። ሁለቱን መሸጥ ካለባችሁ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ምጣድ፣ ሁለት ቡሃቃ፣ የተለያየ ልብስ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ «ወጪ ይቀንሳል» የተባለውን ይበላዋል። ገብሱን ሌላ ቦታ የጋገረው ጎረቤት አምጥቶ ታሽጎ ቢሸጥ ይሻላል።

«መለያው ላይ ‘ስንዴ የለውም’ ብዬ ብጽፍ ከኃላፊነት አያድነኝም?» (ከሲያትል)

ይብሱን ያጋልጥዎታል። በአሜሪካ ሕግ ስንዴ በስሙ መገለጽ ካለባቸው ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው፤ ገብስ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ስንዴ የለውም» የተባለ እንጀራ ግማሹ ገብስ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የምታውቅ የታማሚ ልጅ እናት አልፋው ትሄዳለች። በአውሮፓ ኅብረት ግን ገብስም አብሮ ይገለጻል።

«ግሉተን የለውም» ለማለት የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ቅድመ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የ20 ሚሊግራም ገደብ ማሟላት ግን ግዴታ ነው። እንጀራ ጋጋሪዎች ብዙም የማያውቁት ሁለተኛው ደንብ ነው። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ የቦካ ምግብን ለብቻው ይመለከታል፤ ከቦካ በኋላ ግሉተኑ ስለሚቆራረጥ ምርመራ በትክክል አይለካውምና፣ ጥሬ ዕቃው ከመቡካቱ በፊት ከግሉተን ነጻ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ለሁለት ዓመት መያዝ ይጠበቅብዎታል። የጤፉ መግቢያ ቀን፣ ከማን እንደተገዛ፣ የዱቄቱ የምርመራ ውጤት፣ ንክኪ ሊፈጠርበት የሚችለው ቦታና የወሰዱት ጥንቃቄ፤ አንድ ደብተር ይበቃል፣ በየቀኑ ከተሞላ። ከቤት ኩሽና መሸጥ የሚፈቀድበት ሁኔታ ደግሞ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ የካውንቲውን የጤና ቢሮ ቀድመው ይጠይቁ።

ኢትዮጵያ ላሉት ደግሞ የንግድ ፈቃዱ አንድ ነገር ነው፤ የምግቡን ደኅንነትና መለያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011። «ሴሊያክን ይፈውሳል» የሚል ጽሑፍ ግን የትም አገር አይጻፍ፤ እንጀራ አይፈውስም፣ አይጎዳም እንጂ።

«መመርመሪያ መግዛት አስፈላጊ ነው? ልጄ በልቶ ካላመመው ንጹህ ነው ማለት አይደለም?» (ከፍራንክፈርት)

አይደለም። ብዙ ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች አንጀታቸው እየተጎዳም ምልክት አያሳዩም። ልጅዎም መመርመሪያ አይደለም።

እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያሳዩ የግሉተን ስትሪፖች ይሸጣሉ። ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የሚመረመረው ዱቄቱ ነው፣ የቦካው ሊጥ ወይም እንጀራው አይደለም። ግሉተኑ በጆንያው ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ከላይ አንድ ማንኪያ ወስዶ መመርመር የዕድል ጨዋታ ነው፤ ከአሥር ያህል ቦታ ቆንጥረው ቀላቅለው ከእሱ ላይ ይውሰዱ። ሦስተኛው የሚገርም ነው፤ ግሉተኑ እጅግ ሲበዛ ስትሪፑ መስመር ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ስንዴ ገብቶበት ይሆናል ብለው የጠረጠሩትን አቅጥነው ይድገሙት። ለሽያጭ ደግሞ በየጊዜው ኤላይዛ (የግሉተኑን መጠን በቁጥር የሚለካ ምርመራ) ወደሚሠራ ላቦራቶሪ ይላኩ። ከእያንዳንዱ ዙር 200 ግራም ዱቄት ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ደንበኛ «አሞኛል» ብሎ ሲደውል የሚመረመረው እሱ ነው።

«አሠራሬን ፓተንት ላስደርገው አስቤ ነበር።» (ከአምስተርዳም)

እዚያው ያሉት ሰዎች ሞክረውታል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። ዘ ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። ገንዘብዎን ለወፍጮ ያድርጉት።

«እንጀራው ከተለመደ በኋላ ሽሮ ልጨምር አስቤአለሁ። አተርና ሽምብራ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?» (ከአዳማ)

እህሉ ችግር የለበትም። የሚቆላበት ብረት ምጣድ ትናንት የገብስ ቆሎ ቆልቶ ከነበረ፣ ወይም ሽሮው ከበሶ በኋላ ከተፈጨ ግን አለ። አተሩንም ሲለቅሙ ይጠንቀቁ፤ ስንዴ መጠኑ ከአተር ብዙም ስለማይርቅ እንደ ጤፍ በወንፊት ብቻ አይለይም፣ በእጅም ይለቀማል። ጥቂት ጥቂት በነጭ ትሪ ላይ ዘርግተው፣ ጠዋት ዓይን ሳይደክም ይልቀሙት።