«እሱ ነው የጀመረው» ብቻውን አያስጥልም

የተነሳው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰው ቀድሞ እጁን ካነሳብኝ በኋላ የማደርገው ሁሉ ራስን መከላከል ይባላል? መሣሪያ ብይዝስ? ቤቴ የገባ ሌባ ቢሆንስ? ሕጉ ቢፈቅድልኝ ሕሊናዬስ ይፈቅድልኛል?» እስካሁን የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ «ማን ጀመረ» ላይ ተንጠልጥለዋል። እሱም ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን በመጀመሪያው ምት ሳይሆን በመጨረሻው ነው።

ራስን መከላከል የተጠቃ ሰው ኪሱ ከቶ የሚዞረው የፈቃድ ወረቀት አይደለም። ዳኛ ጠቡን በጅምላ አይመዝንም፤ ምት በምት እየነጠለ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ቡጢህ ሕጋዊ ነው፣ ሁለተኛውም ሕጋዊ ነው፤ ሰውየው ወድቆ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ከሸፈነ በኋላ የጨመርከው እርግጫ ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአስር ሰከንድ ውስጥ ያለቁ ናቸው። አደጋው ሲያበቃ መብቱም እዚያው ያበቃል፣ የቀረው በቀል ነው። በቀል ደግሞ የቱንም ያህል የሚገባ ቢመስል በየትኛውም ሕግ መከላከል ተብሎ አያውቅም።

እንግሊዝ ውስጥ በ2008 የሆነውን እንይ (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጭምብል ያጠለቁ፣ ቢላ የያዙ ሰዎች አንድ ቤት ገብተው ቤተሰቡን አግተው አስፈራሩ። አባትየው አመለጠ፣ ዘራፊዎቹም ሸሹ። አባትና ወንድሙ አንዱን አሳደው ውጭ ደረሱበትና ክሪኬት መጫወቻው ዱላ እስኪሰበር ደበደቡት። የሰውየው የራስ ቅል ተሰነጠቀ፣ አንጎሉም ተጎዳ። ያው ዱላ ቤት ውስጥ፣ ቢላው ልጆቹ ላይ እንደተደገነ ቢያርፍ ኖሮ ክስ መኖሩም ያጠራጥር ነበር። ውጭ ላይ ግን የሚመከት ጥቃት አልነበረም። አባትየው 30 ወር ተፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ አንድ ዓመት አውርዶ በገደብ አደረገለት፤ የጥፋተኝነት ፍርዱን ግን አልሰረዘም። ፍርድ ቤቱ ምሕረት ነው ያደረገለት፤ ተከላከልክ አላለውም። የጠያቂያችን ጥያቄ መልስ በዚህ ልዩነት ውስጥ አለ።

መብቱ የሚጀምረውስ መቼ ነው? እስክትመታ መጠበቅ የለብህም። ከአንዳንድ የኮመንዌልዝ አገሮች የሚመጣ ይግባኝ የሚሰማው የለንደኑ ፕሪቪ ካውንስል በ1987 ሊጠቃ የተቃረበ ሰው ባላጋራው የመጀመሪያውን ምት እስኪሰነዝር ወይም የመጀመሪያውን ጥይት እስኪተኩስ የመጠበቅ ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ወስኗል። ሁኔታው ራሱ ቀድሞ መምታትን ትክክል ሊያደርገው ይችላል። «ነገ ታገኛታለህ» ብሎ የዛተብህን ሰው ዛሬ ሄደህ መምታት ግን በዚህ ጥላ ሥር አይገባም። በዛሬና በነገ መካከል ፖሊስ አለ፣ ምስክር አለ፣ መሸሽ አለ።

ይህ የጊዜ ገደብ ጭካኔ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ለዓመታት በባሏ ስትደበደብ የኖረች ሴት፣ ፊት ለፊት ገጥማው የማትችለው ሴት፣ ጥቃቱ «አሁን» እስኪሆን ጠብቂ ስትባል ሙቺ እንደ መባል ነው። በ1989 የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባሏን እንደተኛ የገደለች ሴት ራስን የመከላከል ጭብጥ ለጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው ለሚፈርዱት ሰዎች) እንኳ ሊቀርብላት አይገባም ብሎ ወሰነ። በዓመቱ፣ በ1990፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አብሯት ይኖር የነበረውን ደብዳቢዋን ከክፍሉ ሲወጣ ከኋላው ተኩሳ በገደለች ሴት ጉዳይ ላይ ሌላ መንገድ ያዘ፤ እንዲህ ያለ ኑሮ የኖረች ሴት አደጋውን በምን ዓይን እንደምታየው ባለሙያ ቀርቦ እንዲያስረዳ መፈቀዱን አጸና፣ በነፃ መለቀቋንም መለሰላት። በእኔ ግምት ሁለተኛው ነው ወደ እውነቱ የቀረበው። አደጋን የሚለካው ያንን ሰው የሚያውቅ እንጂ የግድግዳ ሰዓት አይደለም። ሆኖም ይህ በር በየአገሩ እኩል አልተከፈተም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሌላ መንገድ ነበረህ ወይ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሕጎች በጣም ይለያያሉ። በጀርመን መርሁ ትክክለኛው ሰው ለአጥፊው ቦታ አይለቅም የሚል ነው፤ በጥቅሉ የመሸሽ ግዴታ የለም። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ገዳይ ኃይል ከመጠቀምህ በፊት ያለምንም አደጋ መሸሽ ከቻልክ መሸሽ አለብህ፣ ከቤትህ ግን ማንም አያስወጣህም። ፍሎሪዳ ደግሞ በ2005 ይህን ግዴታ በሕጋዊ መንገድ ለቆመ ሰው ከቤት ውጭም አንስታለች። እንግሊዝ ግዴታ አላደረገችውም፤ መሸሽ ስትችል አለመሸሽህ ግን ኃይሉ አስፈላጊ ነበር ወይ በሚለው ላይ ይመዘንብሃል። የትም ብትሆን የሚሠራው ምክር አንድ ነው፦ ወደኋላ ብትራመድ፣ እጅህን ከፍተህ «አልፈልግም፣ ተወኝ» ብለህ ሰው በሚሰማው ድምፅ ብትናገር፣ በኋላ ከጠበቃህ ንግግር ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ይሆንልሃል።

አሁን ወደ መጠኑ። ብዙ ሰው ተመጣጣኝ ማለት ቡጢን በቡጢ፣ ዱላን በዱላ ይመስለዋል። አይደለም። የሚነጻጸረው የሚያሰጋህ ጉዳትና አንተ የምታደርሰው ጉዳት ነው። አንዲት ቀጭን ሴት ግዙፍ ሰው አንገቷን ሲያንቃት በቢላ ብትወጋው ተመጣጣኝ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ባዶ እጁን ነበር ማለት ብዙ አይፈይድም። በተቃራኒው ለገፋህ ሰው ጠርሙስ ማንሳት ብዙ ጊዜ ከልክ ያልፋል። «ገዳይ ኃይል» ሲባል ደግሞ ሽጉጥ ብቻ አይደለም። ራስ ላይ ያረፈ ጠርሙስ፣ የወደቀ ሰው ጭንቅላት መርገጥ፣ ማነቅ ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው። አንገት በሁለቱም ጎን ያሉት የደም ሥሮች ከታነቁ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል። ሰውነቱ ከዛለ በኋላ የምትቆይባት እያንዳንዷ ሰከንድ የአንተ ዕዳ ናት። «ያዝኩት እንጂ አልመታሁትም» የሚሉ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቡጢም ይገድላል፤ በአብዛኛው በቡጢው ሳይሆን ሰውየው ሲወድቅ ጭንቅላቱ አስፋልት ወይም የድንጋይ ጠርዝ ስለሚመታ ነው።

ለንብረት ሲሆን ገደቡ ይጠባል። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1920 ፍራፍሬ ሰርቀው የሚሸሹ ሌቦችን የተኮሰ ጠባቂ መብቱ ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬ እዚያው አገር እንዲህ ያለ መብት አጠቃቀም ያላግባብ ነው የሚባለው። በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ማንም የማይኖርበት የእርሻ ቤት በር ላይ በሽቦ የሚተኮስ ጠመንጃ ያጠመዱ ባልና ሚስት ለቆሰለው ሰርጎ ገብ 30,000 ዶላር እንዲከፍሉ በ1971 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጽንቷል። ወጥመድ ሌባውን ከሕፃን ወይም ከእሳት አደጋ ሠራተኛ አይለይም፤ እዚያ ብትሆን ኖሮ አንተ ራስህ የማትተኩስበትን ሰውም ይተኩሳል። ሰው ያለበት ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንግሊዝ በ2013 ባወጣችው ሕግ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ያደረገው ነገር «እጅግ በጣም» ያልተመጣጠነ ካልሆነ መከላከያው ሊጠብቀው ይችላል፣ ለጊዜው ከልክ ያለፈ ቢመስልም።

ልክ ካለፈስ? ሁሉም ነገር አይጠፋም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ያስቀምጥና አንቀጽ 79 ልኩን ላለፈው ቅጣት ይቀንስለታል፤ ያለፈው ጥቃቱ በፈጠረበት ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣውም ይችላል። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 33ም በመደናገር፣ በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ልኩን ያለፈን አይቀጣም። ሁለቱም የሚምሩት ፍርሃትን ነው። ንዴት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ለፖሊስ «በጣም ተናድጄ ነበር» ማለት፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ጉድጓድህን መማስ ነው።

መሳሳትም አለ። ሰውየው ከኪሱ ያወጣው ስልክ ነበር፣ አንተ ሽጉጥ መሰለህ። በእንግሊዝ ከልብ ካመንክ በቂ ነው፣ ስካር ያመጣው ስህተት ካልሆነ በቀር፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን እምነትህ በቂ ምክንያት ያለው መሆን አለበት። ጠቡን ራስህ ከጫርክ ደግሞ መብትህ ተሸራርፏል። ሊመለስልህ የሚችለው በእውነት ወደኋላ ካልክና ይህንንም ባላጋራህ እንዲያውቀው ካደረግክ ነው። በልብህ ማቆም አይቆጠርም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚስተው ነገር እንምጣ። «ራሴን ተከላከልኩ» ማለት ድርጊቱን ማመን ነው። «አዎ መታሁት፣ ግን ምክንያት አለኝ» እያልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «አልነካሁትም» ብሎ፣ የካሜራ ቅጂ ሲመጣ «ተከላክዬ ነው» ያለ ሰው ከሁለቱም ይወድቃል። በብዙ አገር ጭብጡ አንዴ በማስረጃ ከተነሳ ማፍረሱ የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው፤ ማስረጃውን ግን አንተ ነህ ማዳን ያለብህ። መጀመሪያ ራቅ፣ ለተጎዳው ሰው አምቡላንስ ጥራ፣ ቀድመህ ለፖሊስ አሳውቅ። የሸሸና ሦስት ቀን ቆይቶ የተያዘ ሰው ታሪኩን ከባላጋራው በኋላ ነው የሚናገረው። ለፖሊስ አጥቂው ማን እንደነበረ፣ ምስክሮቹና ካሜራው የት እንዳሉ ንገርና ዝርዝሩን ጠበቃ እስኪመጣ አቆይ፤ በድንጋጤ የተሰጠ ቃል ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ጉዳትህን በዕለቱ ፎቶ አንሳ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም ድገም፣ ሰንበር ውሎ አድሮ ነው የሚጠቁረው። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ መዳፍህና ክንድህ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር አስመዝግብ፤ ሰው ሲከላከል የሚቆስለው እዚያ ነው። ልብስህን አትጠብ፤ በወረቀት ከረጢት አስቀምጥ፣ ላስቲክ ውስጥ እርጥበት ደሙን ያበላሸዋል። የአካባቢው ካሜራ በራሱ ላይ እየደረበ ስለሚቀዳ ቅጂው እንዲያዝ በማግስቱ ጠይቅ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ፌስቡክ ላይ አንድ መስመር አትጻፍ። ከጠቡ በፊት የላክኸው «ዛሬ ይለይልናል» የሚል መልእክት ካለም ለጠበቃህ ቀድመህ ንገረው፤ ዐቃቤ ሕግ እሱን ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም።

በወንጀል ነፃ መውጣትም መጨረሻው አይደለም። በ1984 በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ አራት ወጣቶችን የተኮሰው በርንሃርድ ጌትስ በ1987 ከግድያ ሙከራ ክስ ነፃ ወጥቶ በሕገወጥ መሣሪያ ብቻ ተቀጣ። በ1996 ግን ሽባ ሆኖ ለቀረው ለአንዱ 43 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደበት።

የሕሊናውን ነገር በተመለከተ፣ ኦሪት ዘጸአት 22 ላይ ያለው ሕግ የሚገርም ነው፦ ሌባ ቤት ሲቆፍር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት በመችው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣችበት ግን የደም ዕዳ አለበት። ሌባው ያው ሌባ፣ ቤቱም ያው ቤት ነው። የተለወጠው ብርሃኑ ነው። በጨለማ ምን ሊያደርግ እንደመጣ አታውቅም፤ ሲነጋ ታየዋለህ፣ ሰውም ትጠራለህ። የካቶሊኩ የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩን ወደ ሐሳብ አመጣው፦ ሕይወትህን ማዳን ከሆነ ዓላማህ፣ የአጥቂው ሞት ከዓላማህ ውጭ የተከተለ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ከተጠቀምክ ግን ያ ሰበብ ፈረሰ። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። አጥቂው በዚያች ቅጽበት ብን ብሎ ቢጠፋ እፎይ ትላለህ ወይስ ይቆጭሃል? ከቆጨህ መከላከሉ ቀድሞ አብቅቷል ማለት ነው።

ሕግ ከሕሊና በላይ የሚፈቅድበት ጊዜም አለ። አጥቂህ የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ቢሆን በብዙ ሕግ ራስህን መከላከል አልተከለከልክም። ግን ምን እንደሚያደርግ በማያውቅ ሰው ላይ ሙሉ ኃይልህን ማሳረፍ ሌላ ነገር ነው። የጀርመን ፍርድ ቤቶች እዚህ ላይ መጀመሪያ አፈግፍግ፣ ቀላል ጉዳትም ካለ ታገስ ይላሉ፤ ትክክል ናቸው።

አንድ ያልተጠየቀ ነገር ልጨምር። ሌላ ሰውን ለማዳን መግባትም በዚሁ ሕግ ይሸፈናል፤ ችግሩ መሃል ላይ የደረሰ ሰው የጠቡን የመጀመሪያ ግማሽ አለማየቱ ነው። ከላይ ተቀምጦ ሌላውን የሚመታው ሰውዬ ምናልባት ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነው፣ ወይም ቢላ የቀማ ተጠቂ። ስለዚህ ከመምታትህ በፊት ጩህ፣ ጎትተህ ለያይ፣ ሁለቱም እጃቸው ላይ ምን እንደያዙ እይ።