የፀሐይ ማጣሪያዎ ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር ለትምህርት ቤታቸው የሥነ ፈለክ ክበብ ያገለገለ ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ገዝተዋል፤ አፉ 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 700። የቀድሞው ባለቤት በካርቶን የሠራው የብርማ ፊልም ማጣሪያም አብሮ መጥቷል። በ25 ሚሊሜትር አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ተቀያያሪ ሌንስ) ፀሐይን ሲያዩ ዓይናቸው ያለቅሳል፤ ዞር ካሉ በኋላም አረንጓዴ ክብ ለደቂቃዎች ይከተላቸዋል። በ10 ሚሊሜትሩ ግን «ደህና ነው»፤ ብቻ የፀሐይ ነጠብጣቦች ጉም የለበሱ ይመስላሉ። ፊልሙ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግልጽ ስኮች ተለጥፎበታል። ከሳጥኑ ያገኙትን «ሰን» የሚል ጥቁር አረንጓዴ መስታወት አይፒሱ ላይ ጨምረው ብርሃኑን መቀነስ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይጨምሩ። ይህን እስኪያነቡ ድረስም ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ አያዙሩ። ሬቲና፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ሕመም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። የሚከተልዎት ክብ እስከ ማግስቱ ካልጠፋ፣ ወይም ሲያነቡ መሐል ላይ ፊደል የሚሸፍን ነገር ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥርጣሬዬ ከሁለቱ አይፒሶች ልዩነት ይነሳል። የተሰጠዎት ፊልም የጥቁረት ቁጥሩ ለዓይን የሚሆነው 5.0 ሳይሆን ለፎቶግራፍ የሚሸጠው 3.8 ይመስለኛል። ሁለቱም በአንድ መልክ፣ በአንድ ብርማ ቀለም ይሸጣሉ፤ ከማሸጊያው ከወጡ በኋላ ጎን ለጎን ካልተያዙ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ስለሚስተው ትንሽ ልቆይበት። በፀሐይ ፊልም ላይ የሚጻፈው የጥቁረት ቁጥር እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ ቁጥሩ በ1 ባደገ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን በ10 ይካፈላል። 1.0 ከአሥር አንዱን ያሳልፋል፤ 2.0 ከመቶ አንዱን፤ 3.0 ከሺህ አንዱን፤ 5.0 ከ100,000 አንዱን። 3.8 ከ6,300 ገደማ አንዱን ያሳልፋል። ወረቀት ላይ ልዩነቱ 1.2 ብቻ ነው፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን 16 እጥፍ ነው። አሁን አይፒሶቹን ያስቡ። 700ን ለ25 ሲያካፍሉ 28 ጊዜ ማጉላት ያገኛሉ፤ 700ን ለ10 ሲያካፍሉ 70 ጊዜ። በ70ው የሚታየው የፀሐይ ክብ በ28ቱ ከሚታየው በስፋት 6 ጊዜ ይበልጣል፤ ያው ብርሃን ግን በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ተዘርግቶ ይሳሳል። ስለዚህ በ25ቱ ከሚገባው 16 እጥፍ የደመቀው ፀሐይ በ10ሩ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይወርዳል። ዓይን ሁለት እጥፍ ተኩልን «ደህና ነው» ብሎ ይቀበለዋል፤ 16 እጥፍን ግን እንባ ያፈስለታል። የጻፉልኝ ምልክት ከዚህ ሒሳብ ጋር ልክ ይገጥማል። ትክክለኛው 5.0 ቢሆን ኖሮ በ25ቱም ያለ ጭንቀት ያዩ ነበር። በ10ሩ ስለተመቸዎት ብቻ ማየትዎን አይቀጥሉ፤ ለዓይን መመቸትና ለዓይን ደህና መሆን የተለያዩ ናቸው።

ጥርጣሬውን ማታ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ማጣሪያውን ከቴሌስኮፑ አውልቀው በእሱ በኩል መደበኛ የቤት አምፖል ከ2 ሜትር ርቀት ይመልከቱ። በ5.0 አምፖሉ ጨርሶ አይታይም፣ ቢታይም እጅግ ፈዞ ነው፤ የስልክ ባትሪ ከቅርብ ሲበራ ብቻ ትንሽ ነጥብ ይታያል። አምፖሉ በግልጽ ከታየ ፊልሙ ለዓይን አይደለም። የክፍሉ ዕቃ ከታየማ የድንገተኛ አደጋ ብርድ ልብስ ወይም የምግብ ማሸጊያ ነው፤ እንዲህ ያለውን እየቆራረጡ የሚሸጡ አሉ፣ ያሳዝናል። ይህ ፈተና መጣል ያለበትን ይለያል እንጂ ያለፈውን «ደህና ነው» ብሎ አይመሰክርም።

የእርስዎ ፊልም ፈተናውን ቢያልፍም ይጣል፤ ምክንያቱ ስኮቹ ነው። ግልጽ ስኮች ቀዳዳን ይሸፍናል እንጂ ብርሃን አይከለክልም። በ70 ሚሊሜትር አፍ ላይ ያለች የ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብቻዋን ከጠቅላላው ብርሃን ከ4,900 አንዱን ታሳልፋለች፤ ይህ ሙሉው የ5.0 ፊልም ከሚያሳልፈው 20 እጥፍ ነው! ያዩት ነጭ ጉምም በከፊል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጠብጣብ ብትሆን በጥቁር ቀለም ጠብታ መድፈን ይቻል ነበር። ስኮች መለጠፍ ግን ጥገና አይባልም።

«ሰን» የሚለውን መስታወት በሚመለከት መልሴ አጭር ነው፤ ይስበሩትና ይጣሉት፣ ለሌላ ሰው አይስጡ። ባለ 70 ሚሊሜትር አፍ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወደ 4 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሰብስቦ 6.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ምስል ላይ ያሳርፋል። መስታወቱ የሚቀመጠው እዚያው አጠገብ ነው፤ ይግላል፣ ያለማስጠንቀቂያ ይሰነጠቃል፣ ዓይንዎ ደግሞ ከኋላው ነው። ከፊት ፊልም እያለ ላይግል ይችላል፤ ግን ፊልሙን ነፋስ ያወለቀው ዕለት የሚተማመኑት በእሱ ይሆናል። ርካሽ ቴሌስኮፕ ሳጥን ውስጥ ይህን መስታወት እስከ ዛሬ የሚጨምር አምራች መኖሩ ያስቆጣኛል። ማጣሪያ ከፊት ነው፤ ብርሃኑ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት።

አዲሱን ማጣሪያ እንዲህ ይሥሩ። ማሸጊያው ላይ 5.0 ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት አስትሮሶላር የተባለውን የፀሐይ ማጣሪያ ፊልም ያስመጡ፤ የኤ4 መጠን ያለው አንድ ሉህ ለሁለት ማጣሪያ ይበቃል። የቱቦውን አፍ ውጫዊ ዙሪያ በክር ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ፤ ያ የአፉ ውጫዊ ስፋት ነው። ከ3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሁለት ቀለበት ይቁረጡ፤ የውስጥ ቀዳዳቸው 70 ሚሊሜትር፣ የውጭ ስፋታቸው ከአፉ 10 ሚሊሜትር የሚበልጥ። ጠንካራ ካርቶን በ60 ሚሊሜትር ስፋት ቆርጠው አፉ ላይ ሦስት አራት ዙር እየጠቀለሉ በኮላ ያጣብቁ፤ ከሥሩ አንድ ዙር ወረቀት ያድርጉ፣ አለበለዚያ ሲደርቅ አይወጣም። ውስጡን ቀጭን ከፋይ ጨርቅ ያልብሱት።

ፊልሙን ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ በሶፍት ላይ ያንጥፉ። አይወጥሩት! የቀድሞው ባለቤት የሳተው እዚህ ነው። ፊልሙ እጅግ ስስ ነው፤ ሲወጠር ውፍረቱ እኩል መሆኑን ያጣል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ቢሸበሸብ ግን ምንም አይጎዳውም፤ ለዓይን ደስ አይልም እንጂ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ባለሁለት ገጽ ፕላስተር የተለጠፈበትን ቀለበት ከላይ ወደ ታች ፊልሙ ላይ ያሳርፉ፤ ፊልሙን አንሥተው ወደ ቀለበቱ አያምጡት። ሁለተኛውን ቀለበት ከላይ ደርበው ከጥቅሉ ጋር በኮላ ያያይዙ። ናስትሮ በፀሐይ ሙቀት ስለሚለቅ ብቻውን አይታመንም፤ ጥቅሉን በሁለት ወገን በስተው በገመድ ከቱቦው መያዣ ጋር ይሰሩት። ከዚያ ቱቦውን ወደ ታች ደፍተው ያራግፉት፤ ከወደቀ እንደገና ይሥሩት።

ፋይንደሯን፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሿን ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ፣ ነቅለው ቤት ይተዉዋት። ክዳን ብቻ አይበቃም፤ ተማሪ ይከፍተዋል፣ ከእርስዎ ጀርባ። ፀሐይን ለማግኘት የቱቦውን ጥላ መሬት ላይ ይመልከቱ፤ ጥላው በጣም ያጠረበት አቅጣጫ ልክ ነው። በ25ቱ ይጀምሩ፣ ወደ 10ሩ ይለፉ። ሳጥኑ ውስጥ 4 ሚሊሜትር አይፒስና ባለ 3 እጥፍ ባርሎው (ማጉላቱን የሚያበዛ ተጨማሪ ሌንስ) ካለ ይርሷቸው፤ ደካማ ዕቃ ናቸው፣ ምስሉን ከማጥቆርና ከማንቀጥቀጥ ሌላ አይጨምሩም።

አየሩ የሚረጋው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ነው። ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ይራቁ፤ ጣና ዳር ሣር ላይ ቢያቆሙት ይመረጣል። ካሊፎርኒያ ያለው የቢግ ቤር የፀሐይ ምልከታ ጣቢያ ሐይቅ ላይ የተሠራው ውሃ አየሩን ስለሚያረጋጋ ነው።

«የኸርሽል ፕሪዝምስ?» የሚል ካለ፣ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ከብርሃኑ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ወደ አይፒሱ አንጸባርቆ ቀሪውን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ግን ውስጡ የ3.0 ማጣሪያ ያስፈልገዋል፣ የሚሠራውም በባለሌንስ ቴሌስኮፕ ብቻ ነው፤ ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ላይ በፍጹም አይግጠሙት። ዋጋውም ከፊልሙ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለክበብ መነሻ አልመክረውም። በቀይ ብርሃን፣ በ656.28 ናኖሜትር የሚያሳየው የሃይድሮጅን አልፋ መሣሪያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ቴሌስኮፕ ነው። ለኔቡላ (የጠፈር ጋዝ ደመና) ፎቶ የሚሸጠው ባለ 7 ናኖሜትር የሃይድሮጅን ማጣሪያ ስሙ ቢመሳሰልም የፀሐይ አይደለም፤ በእሱ ፀሐይን ያየ ሰው ዓይኑን ያጣል።

ክበቡ የሚዘጋጅለት የሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ግርዶሽ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት መስመር በላይኛው ግብፅ፣ በጅዳና በመካ፣ በየመን ያልፋል እንጂ ኢትዮጵያን አይነካም። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ፣ ክረምቱ ደመናውን ከከፈተልዎት፣ ማጣሪያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአንድ ሰከንድም ከአፉ አይነሣም። ጅዳ ያሉ ዘመዶችዎ ከጠየቁዎት ደግሞ፣ ማውለቅ የሚቻለው የመጨረሻዋ ጨረር ከጠፋች በኋላ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ከመመለሷ በፊትም መልሶ መግጠም። ዋዜማውን ማታ ያንኑ የአምፖል ፈተና ይድገሙ፤ ፊልሙን ወደ ደማቅ መብራት አቅርበው ቀዳዳ ይፈልጉ፣ ገመዱን ይሳቡ። ፊልሙ ከተቦጨቀ ሁለተኛውን ማጣሪያ ይግጠሙ፤ ሉሁ ለሁለት ይበቃል ያልኩት ለዚሁ ነው።