በሞባይል ዳታ ብቻ መመሪያ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ባሕር ዳር ቁጭ ብያለሁ። እንዳንቺ ለውጭ ድርጅቶች የሶፍትዌር መመሪያ በፍሪላንስ መጻፍ አምሮኛል። ያለኝ ግን የሞባይል ዳታ ነው፤ እሱም ይቆራረጣል። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አትተወው! መጻፉ ዳታ አይበላም። እኔ የምጽፈው በማርክዳውን ነው፤ ርዕሱንም ዝርዝሩንም በቀላል ምልክት የምታሳይበት አጻጻፍ ነው። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ መቶ ገጽ መመሪያ ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። ፋይሎቹን በጊት፣ ማለትም የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ አንዴ ታወርዳለህ። ከዚያ ኔትወርክ ቢጠፋም ትጽፋለህ፣ ኮሚት ታደርጋለህ (ለውጡን እዚያው ላፕቶፕህ ላይ ትመዘግባለህ)፤ ሲመጣ ትልካለህ።

ዳታህን የሚጨርሰው የምትጽፍለትን ሶፍትዌር ማውረድ ነው። አንዳንዱ ጊጋባይት ያልፋል። እኔ በሌሊት ጥቅል አወርዳለሁ። እዚህ ላይ ግን እንዳትሰስት።

ለምን መሰለህ? አንዴ የመጫኛ ገጽ ስጽፍ ትእዛዙን ጎግል አደረግኩና ከአንድ የቆየ መልስ ላይ ገለበጥኩ። «ዶከር-ኮምፖዝ» ይላል፤ የአንድን ሶፍትዌር ክፍሎች አብሮ የሚያስነሳ ትእዛዝ ነው፣ መሃሉ ላይ ጭረት አለው። አዲሱ ያለ ጭረት፣ በባዶ ቦታ ተለያይቶ ነው የሚጻፈው። የድሮው ከጁላይ 2023 ወዲህ ማሻሻያ እንኳ አይወጣለትም። ኢንጂነሩ አንድ ቃል ጻፈልኝ፦ «ሞክረሽዋል?» አልሞከርኩም። ላብ አጠመቀኝ።

አሁን ጎግል ለእኔ ጠቋሚ ነው። ቀኑን አያለሁ፣ ቨርዥኑን አያለሁ፣ ከዚያ በራሴ ላፕቶፕ አስኬደዋለሁ። ኤአይ የነገረኝንም እንዲሁ። እሱማ ጭራሽ የሌለ ትእዛዝ ደረቱን ነፍቶ ይሰጥሃል።

በይነመረብ ላይ ከሁሉ የምወደው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ውስጥ «ኢሹ» የሚባለውን ክፍል ነው። ተጠቃሚው የቸገረውን የሚዘረግፈው እዚያ ነው። ሦስት ሰው አንድ ነገር ከጠየቀ፣ መመሪያው ላይ የጎደለው እሱ ነው። አንተም ከዚያ ጀምር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮጀክት ፈልግ፣ የጎደለውን አንድ ገጽ ጽፈህ ላክ። ከተቀበሉህ ለደንበኛ የምታሳየው ሥራ አገኘህ ማለት ነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ኒውዮርክ ያለ ሰው «10 ኤኤም» ሲልህ በክረምታቸው ለእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው። ማርች ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 11 ይሆናል። እኔ በ12 ስገባ ስብሰባው አልቆ ያውቃል።

ቪዲዮውን አጥፋው፣ ዳታህን ይጨርሰዋል። ኔትወርክ ነው በላቸው። እኔ ፀጉሬን ካልተሠራሁም የምለው ይህንኑ ነው።