ሐምራዊዋ አበባና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች በጣና ዳርና በወንዞቹ አጠገብ ስላሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

«የአምስተኛ ክፍል ልጄ ከሐይቁ ዳር ሐምራዊ አበባ በጠርሙስ ይዛ መጣች። ሐይቁን የሚወርረው አረም፣ እምቦጭ ነው አሉኝ። ልቆጣት?»
የሦስት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

አይቆጧት፤ አበባው በእርግጥ ያምራል። ይልቅ ያበጠውን የቅጠሉን አንገት በቢላ ሰንጥቀው ያሳዩአት። ውስጡ አየር የቋጠረ ስፖንጅ ይመስላል፤ የሚንሳፈፈው በዚሁ ነው። ከዚያ ግን ቦይ ውስጥ እንዳይጥሉት! ከውኃ አርቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁትና ያቃጥሉት። ቁራጩ ብቻውን ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

«የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። በየዓመቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ተማሪዎቹ ግን በነጋታው ይረሱታል።»
መምህር፣ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ

መምህር፣ የአንድ ቀን ዘመቻ ማንንም ባለአደራ አያደርግም። አንድ የወንዝ ቦታ ምረጡና ዓመቱን ሙሉ አትልቀቁት። በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድታችሁ መስኮት ላይ አሳድሩ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ከታች የዘቀጠውን ጭቃ በማስመሪያ ለክተው ቀኑን ይመዝግቡ። መስከረም ላይ ወፍራም የነበረው ዝቃጭ በበጋ ይሳሳል፤ ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ይወፍራል። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ «ይህ የማን አፈር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወደ ላይ ይዛችኋቸው ውጡ፤ እርከን ያለውንና የሌለውን ማሳ በዓይናቸው ይዩ።

የዓሣውንም ነገር ንገሯቸው። በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ፣ ላቤኦባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን የሆኑ ከ10 በላይ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራና ወደ መሰል ገባር ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ደለል ጠጠሩን ሲያለብሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ጠርሙሱ ውስጥ የተለካው ጭቃ ያው ደለል ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ልጆቹ ውኃው ውስጥ አይግቡ። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሕዋሱ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በረጅም እንጨት ጫፍ ጠርሙስ አስረው እርስዎ ይቅዱ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከዓባይ ዳር ፕላስቲክ እንለቅማለን፤ ሰኞ ተመልሶ ይሞላል። ትርፉ ምንድን ነው?»
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

ልጄ፣ ድካምህ ይገባኛል። የለቀማችሁትን ከመጣላችሁ በፊት ለይታችሁ ቁጠሩ፦ ስንት የውኃ ጠርሙስ፣ ስንት ፌስታል፣ ስንት የብስኩት መጠቅለያ? ብስኩቱ ከበዛ ምንጩ የትምህርት ቤታችሁ ሱቅ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ግቡ። እኛ አዋቂዎች ለልጆች መጥረጊያ እንሰጣለን፤ ሲናገሩ ግን አንሰማም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

«ትምህርት ቤታችን ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ሊተክል ነው፤ ልክ ነው?»
የወላጅ ኮሚቴ አባል

አይደለም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አያበቅልም። ዶቅማና ሾላ ይሻላሉ። ረግረጉ ላይ ደግሞ ደንገል፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከብዙ ቦታ ጠፍቷል። ከነሥሩ ቆርጣችሁ ውኃ ከማይለየው ጭቃ ላይ ትከሉት።