አልጋ የጫነ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም

በዚህ እትም የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጎንደር ናቸው። ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሩን አስነቅሎ፣ አልጋና ማብሰያ አስገብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ጎርጎራ የሚወጣው ሰው እየበዛ ነው መሰለኝ። መንገድ ላይ የሚቆመውም እንደዚያው። ረዘም ካለው እንጀምር።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። አባዱላዬን አልጋ፣ የውሃ ታንከርና ትንሽ ማብሰያ አስገጠምኩለት። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ደባርቅ ስወጣ ዳባትን እንዳለፍን የሙቀት መርፌው ቀዩ ላይ ደረሰ። ቆሜ ውሃ ጨመርኩ፣ ትንሽ ሄድን፣ ደግሞ ወጣ። እንደምንም ደባርቅ ገባን። እዚያ ያገኘሁት መካኒክ የጋቢናውን ወንበር ገና ሲያነሳ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይፈታ» አለኝ። ልጆቹ በብርድ፣ እኔ ግራ ገብቶኝ። እዚያው ላስፈታው ወይስ አስጭኜ ጎንደር ልመልሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልጆቹንና እናታቸውን በሕዝብ ትራንስፖርት ወደ ጎንደር ላካቸው። አልጋ ያለው መኪና አንድ ክፉ ነገር አለው፤ ሲበላሽም «እዚሁ እናድራለን» ያሰኛል። ቤተሰብ ብርድ ላይ ተቀምጦ እያየህ ደግሞ ከመካኒክ ጋር ዋጋ አትደራደርም፣ ያለህን ሁሉ ትሰጣለህ።

መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መሃል የሚገባው ማሸጊያ። ግን ሞተር ከመፈታቱ በፊት በነፃ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውሃውን ሞልተህ አስነሳ። አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሞተሩን አጥፋና የዘይት መለኪያውን አውጣ፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ ውሃ ገብቶበታል። ክዳኑን ዘግተህ ስታስነሳ ደግሞ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨበጥ አድርገው፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጎማው ከተነፋና ከጠጠረ እሱም ጥሩ ምልክት አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ካላቆመ እንደዚያው። ከነዚህ ሁለቱን ካየህ መካኒኩን ይቅርታ ጠይቀው።

እንደዚያ ከሆነ ግን እዚያው አታስፈታው፣ አስጭነህ ጎንደር አምጣው። ምክንያቱም ጓርኒሲዮን ቀይሮ መግጠም ብቻ አይበቃም። የጋለ ቴስታታ ይጣመማል፣ ስለዚህ ተለክቶ ከተጣመመ በማሽን መላጨት አለበት። ሳይላጭ የተገጠመ ጥቂት ሰንብቶ ይመለስብሃል፣ ያኔ የምትከፍለው ሁለት ጊዜ ነው። በገመድም አታስጎትተው። ሞተሩ በጠፋ መኪና ፍሬኑ ይጠጥራል፣ መሪውም ይከብዳል፣ መንገዱ ደግሞ ቁልቁለት አለው። አይሱዙ ላይ ይጫን።

ምልክቶቹ አንዳቸውም ከሌሉስ? እኔ የምጠረጥረው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ትንሽ ነገር ናት ብላችሁ አትናቋት። ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ። እዚያ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተርህ በደህና ቀን የሚሠራበት ሙቀት ማለት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጎማውና ስፕሪንጉ ደህና ከሆኑ እዚያ ከፍታ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ከተማ ውስጥ ምንም ሳያሳይ ይከርምና ዳባት ላይ ያጋልጥሃል። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቶ እንደሆነ እይ። ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍትለትን ቴርሞስታትም አስወጥተህ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረው፤ ካልከፈተ ጣለው። የራዲያተሩ ፊትም በአቧራና በገለባ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ አሳጥበው።

አሁን ስለ ክብደቱ። ታንከርህ ስንት ሊትር እንደሚይዝ አልነገርከንም፤ 100 ሊትር ከሆነ 100 ኪሎ ነው። በዚያ ላይ የአልጋው ጣውላ፣ ባትሪው፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ ቤተሰቡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አንተ ደግሞ ውሃ ሞልተህ ታስወጣዋለህ! ውሃ ደባርቅም አለ። ታንከሩን ባዶ አድርገህ ውጣና እዚያ ሙላ።

መርፌው ከመሃል ሲያልፍ ማርሽ ቀንስ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀበላል፣ ልጆቹም ብርድ ስላሉ አይጠሉትም። ካልወረደ ቁም። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንካ፤ የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ራሱ ቴስታታ ይሰነጥቃል። «ጨመርኩ፣ ትንሽ ሄድን» ያልከው ነገር ነው እኔን ያስፈራኝ።

ዕቃ የሚገዛ ከሆነ የሊብሬህንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ስልክህ ላይ ያዝ። ጎንደር ካጣህ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ የሚፈልግልህ ዘመድ አይጠፋም፣ በአውቶብስ ይልክልሃል። ዋጋውን ከመፈታቱ በፊት ተነጋገሩና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የእጅ ዋጋው ለብቻ፣ ዕቃው ለብቻ። አሮጌውንም ዕቃ ተቀበል። ባትፈልገውም ተቀበል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን፣ ከአዘዞ። ሰሜን ተራሮች አጠገብ መኪናችን ውስጥ ልናድር ስንል የቡታ ጋዙ ሬጉሌተር ተበላሸ። ብርዱ አይቻልም ነበር። ከሰል አቀጣጥለን፣ ጭሱ ካለፈ በኋላ ወደ ውስጥ አስገብተን መስኮት ከፈት ብናደርግ ምን ይላችኋል?

መልስ፦ አይሆንም። መስኮት ቢከፈትም አይሆንም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ እሱ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። እንቅልፍ የወሰዳችሁ ይመስላችኋል። ውጭ አብስሉ፣ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ትኩስ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ እግራችሁ ሥር አስገቡ። ሬጉሌተሩን ስትቀይሩ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡበት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፣ ቆማችሁ ላይሸታችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር እንግዶች ይዘን ጎርጎራ እንወርዳለን። በቀደም መንገድ ላይ የኋላው መብራትና ፍሪጁ ጠፋ። ባለቤቴ ፊውዙ ነው ብሎ የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ አስገባበት። ሠራ፤ ግን ከአልጋው ሥር የሽቦ ሽታ አለ። እሱ «ምንም አይደል» ይላል። ከአራዳ።

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም ነው። ዛሬውኑ ያውጣው፣ ይህን ገጽም አሳዪው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ የብር ወረቀቱ ስለማይቃጠል ተራው የሽቦው ሆነ ማለት ነው፣ ሽቦው ደግሞ ከፍራሽ ሥር ነው።

እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠየቀው «የተበላሸው መኪናው ነው ወይስ ቤቱ?» የሚለው ነው። የናንተ ቤቱ ነበር። መብራትና ፍሪጅ ባይኖር መኪናው ይሄዳል፣ ጎርጎራም ይደርሳል። ለመብራቱና ለፍሪጁ የሚያገለግለውን የሁለተኛውን ባትሪ ነጌቲቭ ነቅሎ፣ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ መንዳት ነበር። መኪናው ሲሆን ግን፣ ማለትም ሙቀት፣ ፍሬን፣ መሪ ወይም የዘይት መብራት ሲሆን፣ ስንት እንግዳ ቢኖር ይቆማል።

ኤሌክትሪሺያኑ ከባትሪው አጠገብ ዋና ፊውዝ ይግጠም፣ የፍሪጁንም ሽቦ ውፍረት ይይ። አብዛኛው ጣጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ባትሪውም ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች እየወረደ ከቆየ ዕድሜው ያጥራል። አንዲት ፊውዝ አጥታችሁ መኪና አታቃጥሉ፤ ልካቸው የሆኑ ፊውዞች ደርድራችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ልጄ ያሠራውን ባለ አልጋ ሚኒባስ ይዘን ሊማሊሞን ልንወርድ አስበናል። ባለፈው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሸተተን፣ ፔዳሉም ወደ ታች ጠለቀ። በኋላ ግን ተስተካከለ። እንሂድ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሳይታይ አይሂዱ። ሲቀዘቅዝ የሚስተካከል ፍሬን ጤነኛ አይደለም። የፍሬን ዘይት ሲቆይ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የፍሬኑ ሸራም አልቆ ሊሆን ይችላል። ሊማሊሞ ደግሞ ኩርባው በኩርባ ላይ የተደራረበ ነው፣ ፍሬን የሚያርፍበት ፋታ አይሰጥም። ልጅዎ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ከማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ከሆነ ይቆጡት። ሲወጡት በሚይዙት ማርሽ ነው የሚወረደው። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እንጂ እግር አስቀምጦ መሄድ የለም። ከሸተተ ሰፊ ቦታ ላይ ይቁሙ፣ ማርሽ አስገብተው ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ውሃ አይድፉበት። ፔዳሉ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ካልጠነከረ ከዚያ ወዲያ መውረድ የለም። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ልጅዎ ካላስታወሰ ደግሞ ደባርቅ ደርሳችሁ ሳይሆን ጎንደር እያላችሁ አስቀይሩት።