የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ፦ «ሃዝ ቢን ቱ» ወይስ «ሃዝ ጎን ቱ»?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ለመስክ ሥራ ወደ አንኮበር በወጡበት ዕለት፣ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ላሰቡ አንድ የውጭ አገር እንግዳ «ዘ ማኔጀር ሃዝ ቢን ቱ አንኮበር» ብዬ ጻፍኩላቸው። እንግዳው ግን 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዘው ቢሮ ድረስ መጡ። መሄዳቸውን በግልጽ ጽፌ ሳለ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ጉድለቱ «ቢን» ላይ ነው። «ሃዝ ጎን ቱ» የሚባለው ሰውዬው ሄዶ ገና ካልተመለሰ፣ ማለትም በመንገድ ላይ ወይም እዚያው ከሆነ ሲሆን፣ «ሃዝ ቢን ቱ» ግን ሄዶ መመለሱን፣ ቦታውን አይቶ ማወቁን ይገልጻል። ስለዚህ እንግዳው የተረዱት «ሥራ አስኪያጁ አንኮበር ሄደው ያውቃሉ» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ጉዞ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። (የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳላስመረራቸው ተስፋ እናደርጋለን።)

ብዙዎችን የሚያሳስተው «ቢን» የ«መሆን» ግሥ ቅርጽ በመሆኑ «አሁን እዚያ ነው» የሚል ስሜት ማሳደሩ ይመስለናል። ስሜቱም ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም፤ «ቱ» በ«ኢን» ተተክቶ የጊዜ ርዝመት ሲጨመርበት፣ ለምሳሌ «ሺ ሃዝ ቢን ኢን ደብረ ሲና ፎር ኤ ዊክ» ሲባል፣ ሴትዮዋ ደብረ ሲና ከገባች ሳምንት እንደሆናትና አሁንም እዚያው እንዳለች እንረዳለን። በአንዲት መስተዋድድ ለውጥ የተመለሰችው ሴት እንዳልተመለሰች ትሆናለች።

«አይ ሃቭ ጎን ቱ አንኮበር» የሚለውንም ተናጋሪው አድማጩ ፊት ቆሞ ሊለው አይገባም፤ እዚህ ቆሞ «ሄጃለሁ፣ የለሁም» እንደማለት ይሆንበታልና። ቢሮው በር ላይ በሚለጥፈው ማስታወሻ ላይ ቢጽፈው ግን ትክክል ነው። «የስተርዴይ» ወይም «ላስት ዊክ» የመሰለ ያለፈ ጊዜ ከተጠቀሰ ደግሞ ሁለቱም አባባሎች ቀርተው «ዌንት ቱ» ብቻ ይሠራል፤ ተማሪዎች በፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከሁለቱም ይልቅ «ዘ ማኔጀር ኢዝ ኢን አንኮበር ቱዴይ» የሚለውን እንመርጥልዎታለን፤ የሚመለሱበት ቀን ከታወቀም አብረው ቢጽፉት እንግዳው ጉዟቸውን በዚያው ልክ ያስተካክላሉ።