የመጀመሪያ ውድድርህ ላይ የሚጥልህ የጉልበት ማነስ አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ከሰፈር ልጆች ጋር ክለብ መሥርተን ስንነዳ ቆይተናል። በቅርቡ ከባሕር ዳር መራዊ ደርሶ መልስ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የብስክሌት ውድድር አለ። ተቆርጬ እንዳልቀር ምን ላድርግ? እግር መላጨትስ ግድ ነው?» ነው ያልከው። ስለ ልምምድ ብዙ ሰው መልሶልሃል፤ እሱን አልደግመውም። እኔ ከክለብ ልጆች ጋር ስወዳደር ያየሁትን ልንገርህ። አማተር ጉልበት አንሶት ሲሸነፍ ያየሁት ጥቂት ነው። እኛን የሚጥለን ይሉኝታ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። መንገዱ ዳር ሰው ግጥም ብሎ ቆሟል። ጎረቤትህ አለ፣ አጎትህ አለ፣ ዓይንህን የጣልክባት ልጅም አትጠፋም። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ካልመራሁ ይላል። የጎጃም ልጅ ደግሞ ሰው እያየው ከኋላ መሆን አይሆንለትም። አንዱ ከዳር ሆኖ ፉከራውን ከለቀቀማ በቃ፣ ማን ይያዘው! ከተማው እስኪያልቅ ድረስ የተሰለፈው ሁሉ አንደኛ ነው። ከዚያ ተመልካቹ ያልቃል፤ ትንፋሹም አብሮ ያልቃል። መንገዱ ዳር ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን የሚነካካ ሰው ታያለህ። ሰንሰለቱ ምንም አልሆነም። እያረፈ ነው።

አንተ ከሰው ኋላ ተደበቅ። ፈሪነት አይደለም፣ ሥራው ራሱ ይኼ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ የምትታገለው በዋናነት ከአየሩ ጋር ነው። ከፊትህ ያለው ሰው አየሩን ሲከፍልልህ ከጉልበትህ ሲሶ ያህሉን ታተርፋለህ። ነፋሱ ከጎን ከመጣ ቀጥ ብለህ ከኋላው አትሁን፤ ነፋሱ ከማይመጣበት በኩል ትንሽ ወጣ በል። ግን የፊት ጎማህን ከሱ የኋላ ጎማ ጎን አታስገባው። ጎማ ለጎማ ከተነካካችሁ የምትወድቀው አንተ ነህ። እሱ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል። ተራህ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ምራ፤ ሁልጊዜ ተደብቆ የሚሄድ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ቡና የሚጠጣው ብቻውን ነው።

ከፊት ያለው ለኋላው መጮህ አለበት። «ጉድጓድ!» «ባጃጅ!» «አህያ!» ይባላል። እዚህ ላይ አዲስ ልጆችን ቀድማችሁ አስረዱ። አንድ የክለባችን ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ከፊት «አህያ! አህያ!» ሲባል እሱን የሰደቡት መሰለው። ቀና ብሎ «ማንን ነው አህያ የምትለው?» ብሎ ሳይጨርስ እውነተኛዋ አህያ ደረሰች። ደግነቱ ከአስፋልቱ ወርዶ የተልባ ማሳ ውስጥ ነው ያረፈው። ባለማሳው የማሳውን ጉዳት ትተው ውኃ አጠጡት፤ እሱ ግን እስከ ማታ ድረስ ኩርፊያው አልለቀቀውም።

መራዊ መንገድ ላይ ዋናው ጉዳይ ባሕር ዛፍ የጫነች አህያ ናት። አጣናው ከኋላዋ ወደ ጎንና ጎን ይወጣል። እሷ ዞር ባለች ቁጥር እንደ መጥረጊያ መንገዱን ይጠርገዋል። ስታልፋት ፍጥነትህን ቀንስ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስጣት። ከብቶች ሲሻገሩ ደግሞ መሃል ለመሃል ሾልኬ ልለፍ አትበል፤ የመጨረሻዋ ጥጃ ሁልጊዜ ሐሳቧን ትቀይራለች።

ወደ ሆድ ልምጣ። ሰውነትህ ያጠራቀመው ስኳር ጠንክረህ ስትነዳ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚያቆይህ። ሲያልቅ አያስጠነቅቅም። ዓይንህ ብዥ ይላል፣ እግርህ ይከዳሃል፣ በማንም ላይ ትናደዳለህ። በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፤ ሁለት ሙዝ መሃል ላይ ያደርስሃል። ሙዙን ከራበህ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይርብህ ብላው። ሰው ፊት እያኘኩ መንዳት ነውር መስሏቸው ሙዛቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የተቆረጡ ልጆች አሉ። ከዚያ ሙዙ ከማልያው ጋር ይለወስና ማታ እናት ትቆጣለች። ዋዜማ ላይ «ጉልበት ይሰጣል» ብሎ ቁርጥ የሚጋብዝህ ሰው አይጠፋም። አመስግነህ ከውድድሩ በኋላ በለው። የጾም ወቅት ከሆነ እሱን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ፤ እኔ የማወራው ስለ ስኳር ብቻ ነው።

በሶ በማር በጥብጠህ መያዝ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አቅጥነው። አንዱ ጓደኛችን እናቱ አወፍረው የበጠበጡለትን ይዞ መጣ። በላስቲክ ጠርሙሱ አፍ በኩል አልወጣ አለው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ጨመቅ፣ አሁንም ጨመቅ፣ በመጨረሻ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው። ክዳኑ ተፈናጥሮ ሄደ፣ በሶው ከኋላው ባለው ልጅ መነጽር ላይ አረፈ። ልጁ ምንም ሳይታየው ይነዳል፤ ግን መጀመሪያ ያደረገው ከንፈሩን መላስ ነበር። «ጨው ያንሰዋል» አለ።

ተቆርጠህ ብትቀርስ? የፈራኸው እሱን ነው መሰለኝ። በከተማ የዙር ውድድር ላይ ያየሁትን ስማ። አንድ ልጅ መሪዎቹ አንድ ዙር ደረቡት። ሲደርሱበት ከነሱ ጋር ተቀላቀለና እልህ ይዞት ከፊት ከፊታቸው መንዳት ጀመረ። ተመልካቹ ማን እንደተደረበ በምን ያውቃል? ፊት ያለው እሱ ነው፣ በቃ መሪ ነው! እናቱ ነጠላቸውን እያወዛወዙ እልል አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ እልል አለ። እሱ መጨረሻ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን እናቱ እልል እያሉ እንዴት ብሎ ወደ ኋላ ይቅር! አንድ ዙር ሙሉ ፊቱ አመድ እስኪመስል መራ። መስመሩን አንደኛ ሆኖ አለፈ፤ ከዚያ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው እያለቀሱ ዳኛው በእጁ «አንድ ዙር ይቀርሃል» ይለዋል። ልጁ እናቱን ይዞ ቆሞ ዳኛውን እንዳላየ ሆነ። እስከ ዛሬ ቤታቸው ውስጥ አሸናፊ ነው፤ ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርንም።

መንገድ መሪው ሞተርም ቢሆን ታቦት አይደለምና ዝም ብለህ አትከተለው። አንዴ ሞተረኛው ነዳጅ አነሰኝ ብሎ ወደ ማደያ ሲታጠፍ ግሩፑ በሙሉ ተከትሎት ገብቷል። መንገዱን ቀድመህ እየው፤ መዞሪያው የት እንደሆነ ዕወቅ።

ዓለም አቀፎቹም ቢሆኑ ከዚህ አይድኑም። የኛው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተወዳደረበት የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ውድድር ትዝ ይልሃል? በዚያው ውድድር ብሪታንያዊው ክሪስ ፍሩም የመሪነቱን ቢጫ ማልያ ለብሶ ሞን ቫንቱ ተራራ ላይ ከሞተር ተጋጭቶ ብስክሌቱ ሲሰበር በእግሩ ሽቅብ ሮጧል። በመጨረሻ ያሸነፈውም እሱ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በጣሊያኑ ጂሮ ዲ ኢታሊያ አሥረኛውን የዕለት ውድድር ካሸነፈ በኋላ መድረክ ላይ የከፈተው የጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መትቶት ውድድሩን አቋርጧል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮች አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ።

ስለ ዕቃ አጭር ነገር። ለውድድር ቀን አዲስ ነገር አትልበስ፣ አዲስ ነገር አትግጠም። በተለይ ጫማህን የሚቆልፍ ፔዳል የገዛህ እንደሆነ አስቀድመህ ሣር ላይ ተለማመድ። መፍታቱን ረስቶ የቆመ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው፤ ሁሉም እያየው። ትርፍ ካላማዳሪና መንፊያ ያዝ። መራዊ ጎሚስታ አለ ብለህ አትተማመን። የውድድር ብስክሌት ቀጭኑ ቫልቭ ከመኪና ጎማ መንፊያ ጋር አይገጥምም፤ ማስማሚያ ይፈልጋል። ትንሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ወደፊት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ካማራችሁ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነውና ፍሬን ይዘህ አትውረድ። ሪሙ (ጎማው የተገጠመበት ክብ ብረት) ይግልና ካላማዳሪው ይፈነዳል። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ።

እግር መላጨቱ ግድ አይደለም። ባለሙያዎቹ የሚላጩት ሲወድቁ ቁስሉ በቀላሉ እንዲጸዳና ማሳጅ እንዲመቻቸው ነው። መላጨት ካማረህ ግን ከቀናት በፊት ይሁን፤ አዲስ የተላጨ እግር ላብ ሲነካው ያንገበግባል። ለቤተሰብም ቀድመህ ንገር፣ አለዚያ ጠበል ይወስዱሃል። ሄልሜት ግን ግድ ነው። ከሌለህ ጻፍልኝ፣ ትርፍ አለኝ። የጭንቅላትህን ልክ በሜትር ለክተህ ላክ።